የሣር ክዳን፣ የጭድ ጣሪያና «ቤት ከዳኝ»

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህርት። ዘጠነኛ ክፍል አማርኛ አስተምረውኛል፤ ምናልባት አያስታውሱኝም። ሥራዬ ምግብ ቤቶችንና ሎጆችን ማስዋብ ነው። ሰሞኑን ከከተማ ወጣ ብሎ ለሚሠራ ሎጅ ክብ ክብ ጎጆዎች ልንሠራ ነው። ደንበኛችን የውሉ ረቂቅ ላይ «የጭድ ጣሪያ» ብሎ ጻፈ። አናጢዎቹ «የሣር ክዳን ነው የሚባለው» ብለው ሳቁበት። ማታ ቤት ስናወራ አባቴ «ክዳን የተባለው ዝናብ ሲመጣ ስለሚከዳ ነው» አለ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ መቀሌ ነው ያደገችው። «በእኛ ክዳን ማለት ልብስ ነው» አለችኝ። እናቴ ደግሞ ከኪዳነ ምሕረት ጋር ልታገናኘው ፈለገች። ማንን ልመን?

ት.፣ ከሳር ቤት

መልስ፦

ከሳር ቤት ሆነሽ ስለ ሣር ቤት መጠየቅሽ ደስ አለኝ። ተማሪዬ ከነበርሽ አንቺ ብልሽም ቅር አይልሽም።

ከውሉ ልጀምር፣ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነው። ካልተፈራረማችሁ «ጭድ» የሚለውን ዛሬውኑ አስወጪው። ጭድ አውድማ ላይ በሬ የረገጠው፣ የተሰባበረ የጤፍ ወይም የገብስ ትራፊ ነው። ለከብት ይሰጣል። ከጭቃ ጋር ተቦክቶ ግድግዳ ይመረግበታል። ጣሪያ ላይ ቢወጣ ግማሹን ነፋስ ይወስደዋል፣ የቀረው ይበሰብሳል። ክዳን የሚሆነው ሣር ረጅም፣ ቀጥ ያለና ያልተሰበረ ነው። ዝናቡ ከአንዱ አገዳ ወደ ሌላው እየተንሸራተተ እስከ ጠፈጠፉ ይወርዳል። አገዳው ከተሰበረ ግን ውሃው ስብራቱ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ነው። በየአገሩ ሰው ሰንበሌጥ ፍለጋ ሩቅ የሚሄደው ጭድ ጠፍቶበት አይደለም። ውሉን እንዳለ ብትተይው አንድ ብልጥ ነጋዴ ጭድ በአይሱዙ ጭኖ መጥቶ «የተጻፈውን ነው ያመጣሁት» ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ?

«ጣሪያ» የሚለውም ብቻውን አይበቃም። ጣሪያ ሲባል እንጨቱም አለበት፤ ወራጁ፣ ማገሩ፣ ሁሉም ተጋግዞ የተሸከመው አካል ነው። ክዳን ማለት ከዚያ በላይ የሚለብሰው ነው። ስለዚህ ሁለት ተራ ይጻፍ፤ የጣሪያው የእንጨት ሥራ ለብቻ፣ ክዳኑ ለብቻ። ክዳኑም «የሣር ክዳን» ተብሎ፣ የሣሩ ዓይነት በስሙ ተጠቅሶ። «ክዳን» ብቻ ካልሽ ቆርቆሮም ክዳን ነው።

አሁን ወደ ቃሉ። አባትሽን ሰላም በዪልኝ። ቀልዱን ወድጄዋለሁ፤ ሰዋስዉ ግን አያስኬደውም። «ክዳን» የወጣው «ከደነ» ከሚለው ግሥ ነው። ከ፣ ደ እና ነ ሦስቱም የግሡ አጥንት ናቸው። ይከድናል፣ ተከደነ፣ ክዱን፣ መክደኛ እያልሽ ብትዘረዝሪው «ነ»ዋ የትም አትጠፋም። «ከዳ» ውስጥ ደግሞ «ነ» ፈልገሽ አታገኚም። የእሱ ዘመድ የትግርኛው «ክድዓት» ነው፤ ክህደት ማለት። እዚያ መሐል ላይ ያለችው ዓይን በአማርኛ ስትዋጥ «ከዳ» ብቻ ቀረልን። ሁለቱ ግሦች በሥጋ አይዛመዱም።

ሆኖም አባትሽን የሚያስደስት ነገር አለኝ። ለመነ ሲል ለማኝ እንደሚባለው፣ ከደነ ሲል ባለሙያው «ከዳኝ» ነው። ቤት የሚከድን ሰው ቤት ከዳኝ ይባላል። በፊደል «ወዳጄ ከዳኝ» ከሚለው አንድ ነው፤ አፍ ላይ ብቻ በመላላትና በመጥበቅ ይለያል። እንግዲህ ሐምሌ ላይ ቤቱ የሚያፈስበት ሰው «ከዳኙ ከዳኝ» ቢል ሰዋስዉም ኑሮውም ይደግፈዋል።

እናትሽን በተመለከተ፣ «ኪዳን» በሣልሱ «ኪ» ነው የሚጻፈው፣ «ክዳን» በሳድሱ። ልዩነቱ የፊደል ብቻ አይደለም። ኪዳን የመጣው «ተካየደ» ከሚለው የግእዝ ግሥ ነው፤ ቃል ተጋባ፣ ተዋዋለ ማለት። የዚያ እናት «ኬደ» ናት፣ ረገጠ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ን» በኋላ የመጣች ናት። እናትሽ ግን እንዳይከፋቸው፦ ዘጌ ላይ፣ ጣና ዳር ያለችው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ሆና ሰፊ የሣር ክዳን ያላት ቤተ ክርስቲያን ናት። ኪዳንና ክዳን አንድ ቅጽር ውስጥ ያሉት እዚያ ነው።

የመቀሌዋ ልጅ ግን ልክ ናት። ስለ ቃሉ ከተናገሩት ከሦስቱ አሸናፊዋ እሷ ነች።

በግእዝ «ከደነ» ሸፈነ፣ ጋረደ፣ አለበሰ ነው። «ክዳን» ደግሞ መሸፈኛ፣ ልብስ። ቃሉ በሁለቱ ቋንቋዎች ሲከፋፈል ልክ እንደ ውርስ ሆነ፤ ትግርኛ ልብሱን ወሰደ፣ አማርኛ ጣሪያውን። ትግርኛ ተናጋሪ «ክዳውንቲ» ሲል ልብሶች ማለቱ ነው። እኛ ክዳን ስንል ቤት፣ መሶብ፣ ሣጥን ነው የሚታየን። ወጥ ቤት ውስጥ እንኳ ሁሉም መሸፈኛ ክዳን አይባልም። ምጣዱ አክንባሎ አለው፣ ድስቱ እፊያ አለው። ዛሬ ዛሬ የብረት ድስት ከመጣ ወዲህ እፊያ የሚለውን የሚያውቅ ወጣት እየጠፋ፣ ሁሉም «ክዳኑን አምጪው» ሆኗል። ይህ ያናድደኛል፤ ግን የምናደድበትን ነገር መምረጥ አለብኝ።

አማርኛ የልብሱን ነገር ጨርሶ ረስቶታል እንዳትዪ። የሰፈርሽን ግንበኛ አዳምጪው። «ቤቱን ቆርቆሮ አለበስነው» ይላል። አሮጌው ሣር ሲሳሳ ሳያነሱ እላዩ ላይ አዲስ ሣር «ይደርባሉ»፤ ኩታ እንደሚደረበው ማለት ነው። እረኛ ደግሞ በክረምት የሚለብሰው ገሳ አለ፤ ከሣር የተሠራ፣ ዝናብ በላዩ ላይ እየወረደ የሚያልፍ። ገሳ የለበሰ ልጅ ተቀምጦ ከሩቅ ስታዪው ትንሽ ጎጆ ነው የሚመስልሽ። ላቲኖችም ከዚሁ አልራቁም። «ቴጌሬ» በእነሱ ሸፈነ ማለት ነው። ከእሱ ሮማውያን የሚለብሱት «ቶጋ» ወጣ፤ የጣሪያ ሸክላ «ቴጉላ»ም ከእሱ ወጣ። ከእኛ ጋር ተማክረው አይደለም። ብርድና ዝናብ ሰውንም ቤትንም እኩል ስለሚያገኝ ይመስለኛል።

ስለ ሣሩ ደግሞ ከጠየቅሽኝ ዝም ማለት አልችልም፤ የመንዝ ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ክዳን ሲነሳ ጓሳ ይነሳል። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው መንዝ ጌራ ምድር ውስጥ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፣ ስፋቱ ከ100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ውርጭ አገር። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። ሣሩ ቀጭን፣ ጠንካራና እንደ ሽቦ የሚቋቋም ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ገሳም ይሆናል።

ይህን ሣር ሰው እንዳሻው አላጨደውም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘር ነን የሚሉት ባለ ርስቶች አለቃ መርጠው ይዘጉት ነበር። ሲዘጋ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማንም አያጭድም፤ ከብትም አይገባም። ሣሩ ሲበቃ ይከፈትና ሁሉም ለቤቱ ያጭዳል። አስቢው፤ ቤትሽ ቢያፈስም የአገሩን ሣር ቀን መጠበቅ አለብሽ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቱ ሲቀር ያ ሥርዓት አብሮ ላላ፤ ቦታውም ተጎዳ። ቆይቶ ገበሬው በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። ጓሳ ዛሬ ያለው በዚህ ነው። ሰዎች ስለ ቀበሮው ብዙ ሲጽፉ አያለሁ። ቀበሮውን ያቆየው ግን የክዳን ጉዳይ ነው፤ ሰው ቤቱን ማስከደን ባይፈልግ ኖሮ ያንን ሜዳ ማን ይዘጋው ነበር?

የከደና ቀን ደቦ ነው። ወንዶቹ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ፤ ልጆች እስር እስሩን ያቀብላሉ። ሥራው የሚጀምረው ከታች ነው። ከጠፈጠፉ ተነስቶ ዙሪያውን እየተደረደረ ወደ ላይ ይወጣል፤ የላይኛው እስር የታችኛውን ራስ መሸፈን አለበት። ተገላቢጦሽ ከሆነ ውሃው እጥፉ ውስጥ ይገባል። ጫፉ ላይ ሁሉም እስር የሚገናኝበት ቦታ ደካማው ነው፤ ውሃ ምሰሶውን ይዞ እንዳይወርድ አሮጌ ገንቦ ወይም የእንስራ ስባሪ ይደፋበታል። ለቱሪስት ይህን ገንቦ ስለ ጌጥ የሚተርኩ አሉ፤ ሥራው ዝናብ መከላከል ነው። ቤተ ክርስቲያን ሲሆን በዚያው ቦታ ጉልላት ይቀመጣል፤ መስቀሉ ላይም የሰጎን እንቁላል።

ስለ ከደና የሚያወሩ ሁሉ ጣሪያ ላይ ስለወጣው ወንድ ነው የሚያወሩት። እናቴ ግን ክዳን ሲታሰብ ጌሾና ብቅል ነበር የምትቆጥረው። ጠላው ቀድሞ መጠንሰስ አለበት፤ ቀኑ ከተቆረጠ በኋላ ጠላው ካልደረሰ ደቦው ይቀየማል። እንጀራው ሌሊት ይጋገራል። ቀኑን ሙሉ የሣር ትቢያ ከላይ ሲወድቅ፣ ወጡ ላይ እንዳይገባ የምትሟገተውም እሷው። በኋላ ሰው ሲያመሰግን «እገሌ ቤቱን አስከደነ» ይላል። እገሊት የምትባል በዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የለችም።

ለሥራሽ የሚጠቅም ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ሣር የሚታጨደው ክረምቱ ወጥቶ፣ ፍሬው ረግፎ፣ አገዳው ሲደርቅ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አካባቢ። ነሐሴ ላይ እርጥቡን አጭዶ የሚያመጣልሽን አትቀበዪ፤ እላይ ሆኖ ይሻግታል። ሁለተኛው የሎጅ ሰዎች የማያስቡት ነው። የገጠር ቤት መሐሉ ላይ እሳት አለ። ጭሱ በሣሩ ውስጥ አልፎ ይወጣል፣ ጥቀርሻውም ክዳኑን ከነቀዝና ከእርጥበት ይጠብቀዋል። ለዓይን ግን አይመከርም፤ አያቶቻችን በጭስ ስንት ዓይን ከፍለዋል። የሎጅ ጎጆ ውስጥ እንግዳ ተኝቶ እሳት አይነድም። ስለዚህ ያንቺ ክዳን ከገበሬው ቀድሞ ያረጃል። ደንበኛሽ ይህን አሁን ይወቀው፤ የጥገናውንም ነገር ውሉ ውስጥ አስገቡት።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ ሣር በንጉሡ «ሣ» ነው፤ ግእዙ «ሣዕር» ስለሆነ። የሰፈራችሁ ታፔላ ላይ «ሳር ቤት» ተብሎ ቢጻፍ ግን ታክሲው አያልፍሽም።

ጥያቄ፦

እትዬ፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ልጄ ስለ ኢትዮጵያ ቤቶች የትምህርት ቤት ሥራ ሲሠራ አስተማሪው «ቱኩል» የሚል ቃል ሰጠችው። እኔ ጎጃም ተወልጄ ጎጆ እንጂ ቱኩል ሲባል ሰምቼ አላውቅም። አማርኛ ነው እንዴ?

ቢ.

መልስ፦

አለመስማትዎ ተገቢ ነው። ገበሬ ቤቱን ቱኩል አይለውም፤ ጎጆ ይለዋል፣ ማዕዘን ያለው ሲሆን ሰቀላ። ቱኩል በሱዳን አረብኛ አለ። ጣልያኖች በብዛት ጻፉት፤ ከእነሱ ወደ ሌሎች የአውሮፓ መጻሕፍት ገባ። ዛሬ ወደ እኛ የሚመለሰው በሎጅ ታፔላ ነው። አንዳንዱ «ተከለ» ከሚለው ጋር ያገናኘዋል፤ ትክል ድንጋይ እንደምንለው። የድምፅ መመሳሰል ብቻውን ግን ዝምድና አያስቆጥርም፤ እላይ ከዳንና ከደነን አይተዋል።

ለልጅዎ «ጎጆ» ብለው ይጻፉለት። ጎጆ ወጣ ሲባል ትዳር ያዘ፣ ራሱን ቻለ ማለት መሆኑንም ይንገሩት። ግሡንም ያስተምሩት፤ ጎጆ አይገነባም፣ ይቀለሳል። ቀለሰ ማለት አጎበጠ ነው። እንጨቱን አጉብጦ ራሱን ከራሱ በማጋጠም የሚሠራ መጠለያ ነበር፣ ቃሉ ያንን ይዞ ቀርቷል። ደግሞም ሁሉም ጎጆ የሣር ክዳን የለበሰ እንዳይመስለው። ጨንቻ አካባቢ ዶርዜዎች ቤታቸውን ከቀርከሃ ይጎነጉኑታል፤ ክዳኑ የእንሰትና የቀርከሃ ሽፋን ነው። እግሩን ምስጥ ሲበላው ይቆርጡታል፣ ቤቱም በዕድሜው እያጠረ ይሄዳል። ሲያስፈልግም ተሸክመው ሌላ ቦታ ያሳርፉታል። አስተማሪዋ ይህን ብትሰማ ቱኩልን የምትረሳ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦

የእኛ ሰፈር መሪጌታ «ጠፈር ማለት ጣሪያ ነው» አሉ። ጠፈርተኛ ጣሪያ ሠሪ ሊሆን ነው?

ዳ.፣ ከደብረ ማርቆስ

መልስ፦

መሪጌታው አልተሳሳቱም። በግእዝ ጠፈር የቤት ጣሪያ ነው፣ በኦሪት ዘፍጥረት የመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ያለው የሰማይ ጠፈርም እሱው ነው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተው ቀና ካሉ ሁለቱን በአንድ ያያሉ። ከላይ የሣር ክዳን፣ ከሥሩ ጠፈሩ ላይ በመደዳ የተሳሉ የመላእክት ፊቶች። ጣሪያው ወደ ሰማይ፣ ሰማዩ ወደ ሮኬት የሄደው በኋላ ነው።

ለመላው አንባቢ፦ በየአገራችሁ ከገንቦው ሥር፣ ጫፉ ላይ የምትታሰረው የመጨረሻዋ እስር ስም አላት? የምታውቁ ከነአውራጃው ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ወር አወጣዋለሁ።